ከድንጋያማ ዳር በማንኪያ አሳ እንዴት ይጠመዳል

ሐዋሳ ያደገ ልጅ አሳ አጥምዶ የማያውቅ አለ ለማለት ይከብዳል። ሸንበቆ፣ ትንሽ ናይሎን፣ መንጠቆ፣ ትል፣ አለቀ። እኔም እንደዛ ነው የጀመርኩት። ሪል (ናይሎኑ የሚጠቀለልበት መዘውር) ባለው ዘንግ፣ ያለ ትል፣ ማንኪያ የሚባለውን የሚያብረቀርቅ ብረት እየወረወሩ ማጥመድን የለመድኩት ግን ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከያዝኩት አሳ ይልቅ ድንጋይ ስር ያስቀረሁት ብረት ይበልጣል። ይሄን የምጽፈው እናንተ ያን ሁሉ ወጪ እንዳታወጡ ነው።

በቅድሚያ የትኛውን አሳ እንደምትፈልጉ እወቁ። ሐይቃችን ውስጥ በብዛት ያለው ቆሮሶ ነው። አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ሄደን ጥብሱንም ጥሬውንም የምንበላው አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነው። የቆሮሶ ዋና ምግብ ግን ውሃ ውስጥ ያለው ደቃቅ አልጌ ስለሆነ የሚሮጥ ብረት አያሳድድም። በማንኪያ የሚያዙት ቢልጫና አምባዛ ናቸው። ቢልጫ እያደገ ሲሄድ ትናንሽ አሳዎችን ወደ መብላት ይዞራል፤ እየተወዛወዘ የሚያልፈው ብረት የተጎዳ ትንሽ አሳ ይመስለዋል። አምባዛ ደግሞ ያገኘውን የሚበላ ነው። ሲመሽና ውሃው ሲደፈርስ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል።

ድንጋያማ ዳር የሚመረጠው ለዚህ ነው። ትናንሾቹ አሳዎች ድንጋይ መሃል ይሸሸጋሉ፣ ትልልቆቹ እነሱን ፍለጋ ይመጣሉ። የሐይቁ ዳር ብዙ ቦታ ፊላና ሳር ስለሆነ ድንጋይ ያለበትን መፈለግ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ዳሩን የሚያውቅ ሰው ከፍላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ዋጋውን ከመሄዳችሁ በፊት ተስማሙ። ሐይቁ ላይ የኖረ አስጋሪ ቢሆን ይመረጣል፤ ዘንግና ሪል ይዞ ባያውቅም ችግር የለውም። እኔን ያስተማሩኝ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አዛውንት፣ ዕድሜ ልካቸውን በመረብ ነው የሰሩት። የጠየቅኳቸው "አሳው የት ነው?" ብዬ ነበር። እሳቸው ግን "መረባችሁ የት የት ይያዝባችኋል ብለህ ጠይቀኝ እንጂ" አሉኝ። መረብ የሚይዘው ቦታ ከስሩ ድንጋይ ወይም ግንድ አለ ማለት ነው። በአንድ ጠዋት የውሃውን ስር ካርታ በቃላቸው ሰጡኝ። የጉማሬ መውጫ የት እንደሆነም፣ መረብ የተዘረጋበትን ቦታ በምን ምልክት እንደምለይም ያወቅኩት ከሳቸው ነው። በተዘረጋ መረብ ላይ አትወርውሩ። የሰው እንጀራ ነው። ስለ ፈቃድ ደግሞ የአካባቢውን የአሳ ሀብት ጽህፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዕቃው

ዘንጉ 2.4 ወይም 2.7 ሜትር ይሁን። አጭር ዘንግ ከድንጋይ ላይ ያስቸግራል፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል። ሪሉ መካከለኛ መጠን ያለው ይበቃል። ዘንግ፣ ሪልና ሃያ ምናምን ትናንሽ ነገሮች አንድ ላይ ታሽገው የሚሸጡትን አልመክርም፤ የሪሉ ጥርስ ፕላስቲክ ከሆነ አንድ ደህና አምባዛ ይጨርሰዋል። ናይሎኑ 0.30 ሚሊ ሜትር ይሁን። ተጠልፎ የተሰራውን ክር ብዙዎች ያሞግሱታል፣ ጠንካራ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ድንጋይ ላይ ሲታሽ ቶሎ ይላጋል። ካላችሁ ጫፉ ላይ አንድ ሜትር ያህል ወፍራም ናይሎን ቀጥሉበት። ፒንሳ፣ መነጽርና ጫማው የማያንሸራትት ስኒከር ያዙ። መነጽሩን እንዳትረሱ።

ማንኪያውን ግዙ ወይም ስሩ። እኔ መስራት እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም እየጠፋ ነው የምትማሩት። የሻይ ማንኪያ ውሰዱ፣ እጀታውን በብረት መጋዝ ቁረጡ፣ የተቆረጠውን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ከዚያ ሁለቱም ጫፍ ላይ አንዳንድ ቀዳዳ ያስፈልጋል። የማይዝገው ብረት ለመብሳት አስቸጋሪ ነው። መጀመሪያ በምስማርና በመዶሻ ትንሽ ጎድጎድ አድርጉት፣ ሞርሳ ላይ እሰሩት፣ ዘይት ጠብ አድርጉና ትራፓኖውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። በፍጥነት ከበሳችሁት ብረቱ ይግልና ይጠነክራል፣ መብሻውም ይደንዛል። እጀታው በነበረበት ጫፍ በትንሽ የቁልፍ ቀለበት መንጠቆ አንጠልጥሉ፣ በሌላኛው ጫፍ ሌላ ቀለበትና ስዊቭል (በራሱ የሚዞር ትንሽ ማያያዣ) አድርጉ። ስዊቭሉ ከሌለ ማንኪያው ናይሎኑን ይጠመዝዘውና ግማሽ ቀን ሳይሞላ ሪሉ ላይ የተቋጠረ ክምር ይሆንባችኋል።

መንጠቆው ባለ ሦስት ጥርስ አይሁን። አንድ ነጠላ መንጠቆ፣ ሽቦው ቀጠን ያለ። ባለ ሦስቱ ድንጋዩንም በሦስት ጥርስ ነው የሚነክሰው። ቀጭኑ ሽቦ ደግሞ ድንጋይ ሲይዘው ናይሎኑ ሳይበጠስ ራሱ ይቃናል፤ ማንኪያችሁን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፣ መንጠቆውን በፒንሳ ታጥፉታላችሁ።

ቋጠሮውን የምታውቁትን እሰሩ። ከማጥበቃችሁ በፊት ብቻ በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይሎን ሲጠብቅ እርስ በርሱ ይፋተግና ይግላል፣ እዚያው ላይ ይደክማል።

መቁጠር

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ማንኪያው ድንጋዩን ሳይነካ፣ ከድንጋዩ ብዙም ሳይርቅ፣ ልክ ከላዩ ማለፍ አለበት። ከፍ ካለ ቢልጫው አያየውም ወይም አይነሳለትም። ዝቅ ካለ ድንጋይ መሃል ይገባል። ውሃው ደግሞ ስሩን አያሳይም። ታዲያ ማንኪያው የት እንዳለ እንዴት ይታወቃል? በመቁጠር።

ወርውሩ። ማንኪያው ውሃውን እንደነካ ለመወርወር የከፈታችሁትን የሪሉን ሽቦ መልሱ፣ ናይሎኑን ሳትስቡ በመጠኑ ወጠር አድርጉና በሰከንድ አንድ መቁጠር ጀምሩ። ዓይናችሁ ናይሎኑ ላይ ይሁን። ማንኪያው እየሰመጠ እያለ ናይሎኑ እየተከተለው ይሄዳል፣ ስሩን ሲነካ ድንገት ላላ ይላል። ስንት ላይ እንደላላ ያዙት። 12 ላይ ነው እንበል። ወዲያው ዘንጉን ቀና አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ አታስተኙት፤ የተኛ ማንኪያ ነው የሚያዘው። በሚቀጥለው ውርወራ 9 ላይ መጠቅለል ጀምሩ። ካልነካ 10 ሞክሩ። ከዚያ ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ሂዱና እንደገና ከመጀመሪያው ቁጠሩ፣ ምክንያቱም ድንጋያማ ቦታ ሦስት እርምጃ ላይ ሌላ ውሃ ነው። ጋሼ ከጎኔ ቆመው ከኔ ጋር ጮክ ብለው ይቆጥሩ ነበር፤ እኔ ስቸኩል 6 ላይ ስደርስ እሳቸው ገና 4 ላይ ናቸው። መቸኮሌ የገባኝ ያኔ ነው። የእጅ ሰዓት ብታዩ ነውር የለውም።

እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው በሁለት ቀን ይይዘዋል። እኔ ወራት የፈጀብኝ ቀጣዩ ነው። ቆጥሬ፣ በትክክል ጀምሬ፣ ማንኪያው በሰላም እየመጣ፣ እግሬ ስር ሊደርስ አምስትና ስድስት ሜትር ሲቀረው ይያዝብኛል። በየቀኑ። ምክንያቱን ስታውቁት ቀላል ነው፦ የምትቆሙበት ድንጋይ ውሃው ውስጥም ይቀጥላል። ስሩ ወደ እናንተ በመጣ ቁጥር ከፍ እያለ ነው። ማንኪያው ግን በአንድ ፍጥነት ከተሳበ በነበረበት ጥልቀት ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ዳገቱ ላይ መጥቶ ይላተማል። መፍትሄው ማንኪያውን ከዳገቱ ጋር አብሮ ማውጣት ነው። መጠቅለል ስትጀምሩ የዘንጉ ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ ያለ ይሁን፣ ግማሽ መንገድ ሲደርስ ቀስ በቀስ ቀና ይበል፣ መጨረሻ ላይ ከራሳችሁ በላይ ይሁንና አጠቃለላችሁን ፈጠን አድርጉ። ረጅም ዘንግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ማንኪያውን ከድንጋዩ ጫፍ በላይ የሚያነሳው እሱ ነው። ሲወጣም ዝም ብላችሁ አትንጠቁት። ቢልጫ እስከ ዳር ድረስ ተከትሎ መጥቶ የሚነክስበት ጊዜ አለ።

ፍጥነቱን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። ማንኪያው ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ የዘንጉ ጫፍ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ ጠፍቶ ዝም ያለ መጎተት ከሆነ ፈጥናችኋል፣ ማንኪያው እየተሽከረከረ ነው። አንዳንዴ ለአንድ ሰከንድ ቁሙ፣ ትንሽ ይውረድ፣ ቀጥሉ። ብዙ ጊዜ የሚነከሰው እዚያች ቆም ያለበት ላይ ነው።

ድንጋይ ሲይዘው

ይይዘዋል። ያኔ የመጀመሪያው ስሜት ዘንጉን ወደ ኋላ ማጠፍና በኃይል መጎተት ነው። አታድርጉት።

እኔ አድርጌዋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከኋላዬ ትንሽ ወደ ጎን ቆሞ ነበር። ዘንጉ እስኪጎብጥ ሳብኩ፣ ብረቱ ድንገት ተላቀቀ፣ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተመልሶ መጣና መንጠቆው ቅንድቡ ላይ ተሰካ። አንድ ጣት ዝቅ ቢል ዓይኑ ነበር። ጤና ጣቢያ ተወስዶ ወጣለት፣ ጠባሳው አሁንም አለ። ባየሁት ቁጥር ያን ቀን አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ መነጽር ያላደረገ ሰው ከጎኔ አይቆምም፣ ልጅም ሆነ አዋቂ።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ናይሎኑን አላሉትና የዘንጉን ጫፍ ነቅነቅ አድርጉ፤ አንዳንዴ በራሱ ክብደት ይወድቃል። እምቢ ካለ ናይሎኑን ወጥሩት፣ በሌላ እጃችሁ እንደ ክራር ጅማት ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት። ደጋግሙት። ይሄ ከማንኛውም ጉተታ የተሻለ ሰርቶልኛል። ካልሆነ ዳሩን ይዛችሁ አስር ሜትር ወደ ጎን ሂዱና ከሌላ አቅጣጫ ሞክሩ፣ በገባበት እንዲወጣ። ሁሉም ካልሰራ ናይሎኑን ጨርቅ በተጠቀለለበት እንጨት ላይ ጠምጥሙ፣ ፊታችሁን አዙሩና ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙት፣ እስከ አጥንት ይቆርጣል። ወይ መንጠቆው ይቃናል ወይ ናይሎኑ ይበጠሳል።

የተበጠሰውን ናይሎን ሰብስባችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሐይቃችን ዳር ያሉት ወፎች እግርና ክንፋቸው በእሱ ይተበተባል። አንድ ቀን የታሰረች ወፍ በፒንሳ ፈትቻለሁ፣ ቆዳዋ ውስጥ ገብቶ ነበር።

አሳው ሲይዝ፣ ከያዘም በኋላ

የሪሉን ፍሬን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። በእጅ ጠንከር አድርጎ ሲሳብ ናይሎን የሚለቅ ይሁን። አምባዛ ወደ ድንጋይ ስር ሊገባ ይሮጣል፣ ቶሎ ወደ ላይ አዙሩት። ክንፉ ላይ ያለው እሾህ ይወጋል፣ አያያዙን ከሚያውቅ ሰው ተማሩ።

አሳውን ለማውጣት ብላችሁ ውሃው ውስጥ አትግቡ። ሐይቁ ቢልሃርዚያ አለበት። እርጥብና አልጌ የለበሰ ድንጋይም አትርገጡ። ጠዋት ውሃው የተረጋጋ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳና ሞገዱ ድንጋዩን ያርሰዋል። እኔ ጎህ ሲቀድ ሳይሆን በደንብ ከነጋ በኋላ እሄዳለሁ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ እነሳለሁ። ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ሲመሽ ነው፣ የሚመለሰውም ሊነጋጋ ሲል ነው። በእሱና በውሃው መካከል መገኘት ማለት ሞት ነው። ለምሽት አምባዛ ብላችሁ አትሞክሩት።

ትልቅ ቢልጫ ከያዛችሁ እኔ ብሆን እለቀዋለሁ። በዚሁ ሐይቅ ላይ የተሰሩ ጥናቶች ሌላ አሳ የሚበላው ቢልጫ ስጋ ውስጥ ሜርኩሪ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳይተዋል። በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕጻናት አታብሉት። ለምሳ ከሆነ አሞራ ገደል ቆሮሶ አለላችሁ።

ትራውት ለሚፈልግ

ስለ ትራውት አሳ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሐዋሳ ላይ የለም፣ ሊኖርም አይችልም፤ ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል። ባሌ ግን አለ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ እንደ ወይብ ባሉ ወንዞች ውስጥ ተለቋል። ከመሄዳችሁ በፊት ዲንሾ ያለውን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽህፈት ቤት ስለ ፈቃድ ጠይቁ። ማንኪያውን ወደ 5 ግራም አሳንሱት፣ ናይሎኑን ወደ 0.20 አቅጥኑት፣ ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ከዳሩ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ሌላ አገር ሄዶ ትራውት ሐይቅ ላይ የማጥመድ ዕድል የገጠመው ደግሞ ያው ቆጠራ ይሰራለታል። ማለዳ ላይ ትራውት ከላይ ስለሚዞር 2 ወይም 3 ቆጥሮ መጠቅለል ነው። ፀሐይ ስትጠነክር ይወርዳል፣ ቆጠራውም አብሮት ይጨምራል። ጅረት ወደ ሐይቁ የሚገባበትን አፍ መጀመሪያ ይሞክር። የሚለቀው ከሆነ የመንጠቆውን የኋላ እሾህ በፒንሳ ተጭኖ ያስተኛው፣ አሳውን ከመንካቱ በፊትም እጁን ውሃ ውስጥ ይንከር። ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋል።