የድሮ ኤምጂቢ ዲናሞን አውጥቶ አልተርኔተር እንዴት ይገጠማል

ከ1962 እስከ 1967 እንግሊዝ አገር አቢንግዶን ውስጥ የተሠሩት የኤምጂቢ ስፖርት መኪኖች ባትሪያቸውን የሚሞላላቸው ሉካስ ሲ40 የሚባል ዲናሞ ነው። ሞተሩ በደንብ ሲዞር ቢበዛ 22 አምፔር ይሰጣል። ትራፊክ መብራት ላይ ቆማችሁ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ግን ከእሱ የሚገኘው ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ሂሳቡን እዩት፤ ሁለት ባለ 60 ዋት የፊት መብራቶች ብቻቸውን 10 አምፔር ይጠጣሉ። ኮይሉ (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው)፣ የቤንዚን ፓምፑ፣ የዝናብ መጥረጊያው፣ የማሞቂያው ፋንና የኋላ መብራቶቹ ሲጨመሩ፣ በዝናባማ ማታ ከተማ ውስጥ ስትዞሩ ባትሪው እየተሞላ ሳይሆን እየተራቆተ ነው። ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ማቃሰት ይጀምራል።

ፋብሪካው ራሱ ይህን አይቶ በ1967 መጨረሻ ላይ ዲናሞውን ወደሚተካው ባትሪ ሞይ፣ ወደ አልተርኔተር ተሻግሯል። እኛ የምናደርገው ያንኑ ነው። ጋራዥ ውስጥ ሁለቱንም ዲናሞ እያልን ስለምንጠራቸው እንዳይምታታ፣ እዚህ ጽሑፍ ላይ ዲናሞ ያልኩት የድሮውን ረጅም ሲሊንደር ብቻ ነው።

ምን ይገዛ?

ለዚህ መኪና ሉካስ 17 ኤሲአር (36 አምፔር) ወይም ታላቅ ወንድሙ 18 ኤሲአር (ከ40 አምፔር በላይ) ይበቃል። መቶ አምፔር የሚሰጥ ዘመናዊ አልተርኔተር ግጠሙ የሚሏችሁን አትስሙ። አንዲት ቀጭን ቺንጋ ያን ሁሉ ጭነት ልትጎትት ነው፤ ለዚያውም የምታበሩት መብራት ያው ሁለት ነው። የመኪናውን የቀድሞ መልክ መንካት ለማይፈልግ ሰው ደግሞ በዲናሞ ቅርፊት ውስጥ የተሠራ አልተርኔተር ገበያ ላይ አለ። ሲታይ ዲናሞ ነው፣ ሥራው የአልተርኔተር ነው፤ ዋጋው ግን ከተራው በጣም ይበልጣል።

ሙሉ ኪት ተብሎ የሚሸጠውን በተመለከተ፣ ማሰሪያ ብረቱና ቡሎኖቹ ገንዘባቸውን ያወጣሉ። አብሮ የሚመጣው ሽቦ ግን ብዙ ጊዜ ቀጭን ስለሆነ ሽቦውን ለብቻ ግዙ። ለ36 አምፔር 6 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ ለትልቁ ደግሞ 8.5 ይሁን። ሽቦ ሳይላጥ በፒንሳ ጨፍልቀው የሚያገናኙትን ሰማያዊ ፕላስቲኮች ከዚህ መኪና አርቋቸው። ዛሬ ይሠራሉ፤ እርጥበት ሲገባባቸው አረንጓዴ ዝገት አውጥተው ሽቦውን ከውስጥ ይበሉታል።

መጀመሪያ፦ ማሳውን መገልበጥ

ሰው የሚፈራው አልተርኔተሩን መግጠም ነው። ያ ግን ሁለት ሦስት ቡሎን ነው። መኪና የሚያቃጥለው ይህኛው ክፍል ነው።

ማሳ የምንለው ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረውን የባትሪ ጫፍ ነው። በዛሬ መኪኖች ይህ ኔጋቲቩ ሲሆን እስከ 1967 የተሠራው ኤምጂቢ ግን ፖዘቲቭ ማሳ ነው። አልተርኔተራችን ኔጋቲቭ ማሳ ስለሚፈልግ፣ ሳንገለብጥ ብናገናኘው ውስጡ ያሉት ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) ወዲያው ይቃጠላሉ። ወደ ሥራው ከመግባታችሁ በፊት ግን የትኛው ጫፍ ቦዲ ላይ እንደታሰረ ኬብሉን ተከትላችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ። መኪናው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ነው፤ ከእናንተ በፊት አንዱ ገልብጦት ሊሆን ይችላል።

ባትሪዎቹ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ፣ ከወለሉ ክዳን ሥር ናቸው፤ ሁለት ባለ 6 ቮልት በተከታታይ ታስረው። አንዳንዱ ባለቤት በአንድ ባለ 12 ቮልት ተክቷቸዋል። ኬብሎቹን ፈታችሁ ባትሪዎቹን አዙሩና ኔጋቲቩ ወደ ቦዲ እንዲሄድ አድርጉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገጥማችኋል፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ጉጥ ከኔጋቲቩ ወፈር ይላል። ለኔጋቲቭ የተሠራው መያዣ ወፍራሙ ላይ አልገባም ሲል በመዶሻ የሚመታ አለ። ጉጡ ሥሩ ላይ ይሰነጠቅና አሲድ ማዥት ይጀምራል። አዲስ መያዣ ግዙ፤ ርካሽ ነው።

ኬብሉን መልሳችሁ ከማሰራችሁ በፊት ማስተካከል ያለባችሁ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ኮይሉ ነው። በአሮጌው የሉካስ ኮይል ላይ ኤስ ደብሊው እና ሲ ቢ የሚሉ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይሯቸው። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለው አዲስ ኮይል ከሆነ፣ ከቁልፉ የሚመጣው ነጭ ሽቦ ወደ መደመር፣ የዲስትሪቢውተሩ ወደ መቀነስ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ምክንያቱም ሳይቀየርም ሞተሩ ይነሳል። ብልጭታው ግን ከካንዴላው የጋለ መካከለኛ ዘንግ ተነስቶ ወደ ውጭ መዝለል ሲገባው በተቃራኒው ስለሚሄድ ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋል። እኔ የገዛሁት መኪና እንዲህ ነበር። ሜዳ ላይ ምንም አይልም፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ መቆራረጥ ይጀምራል። የቀድሞው ባለቤት ጥፋቱ የካርቡራተሩ መስሎት ሁለቱን ካርቡራተሮች ፈታቶ ፈታቶ ቡሎኖቻቸው ጥርስ አልቀረላቸውም።

ሁለተኛው የአርፒኤም ጌጁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኤምጂቢዎች ጌጅ በኬብል የሚዞር ስለሆነ አይመለከታችሁም። ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ የመጣው የስሚዝስ ኤሌክትሮኒክ ጌጅ ግን ፊቱ ላይ ራሱ ፖዘቲቭ ማሳ መሆኑ ተጽፎበታል። ከዳሽቦርዱ አውጥታችሁ ጀርባውን ስታዩት፣ ወደ ኮይል የሚሄደው ነጭ ሽቦ እንደ ቀለበት ተጠምዝዞ በአንዲት ፕላስቲክና በብረት ክሊፕ ተይዟል። ጌጁ የሚቆጥረው በዚያ ቀለበት ውስጥ የሚያልፈውን ምት ነው። ስለዚህ ሽቦው ቀድሞ ከገባበት በተቃራኒው በኩል እንዲገባ ገልብጡት። ይህ ብቻውን አይበቃም። ቅርፊቱን ከፍታችሁ ከኃይል መቀበያው ምላስና ከቅርፊቱ ወደ ሰርኪዩቱ የሚሄዱትን ሁለት መገናኛዎች ፈትታችሁ ማቀያየርና መልሳችሁ በሊድ መበየድ አለባችሁ። መርፌው ከፀጉር የቀጠነ ጥምዝ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው፤ እጃችሁ በብየዳ ካልተፈታ ለጌጅ ጠጋኝ ስጡት። ሳትነኩት መኪናውን ካስነሳችሁት ሊቃጠል ይችላል።

ሦስተኛው የቤንዚን ፓምፑ ነው። ጥንታዊው የኤስ ዩ ፓምፕ ለማሳ ግድ የለውም፤ ዳዮድ ያለበት አዲሱ ግን አለው። አካሉ ላይ የማሳ ምልክት ከተለጠፈበት ወይም ቀይና ጥቁር ሽቦ ካለው ግድ አለው ማለት ነው። ሬዲዮና ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያም እንዲሁ፤ በፖዘቲቭ ማሳ የተሠሩ ከሆኑ አውጥታችሁ አስቀምጧቸው። መብራቱ፣ ክላክሱና ሞተሪኖው አይመለከታቸውም። የማሞቂያው ፋን ወደ ኋላ ከዞረ ሁለት ሽቦውን ማቀያየር ነው።

አልተርኔተሩን ማሰር

ዲናሞውን ፍቱ፣ አልተርኔተሩን በቦታው ስቀሉ። አጠር ስለሚል የኋላ ጆሮው ከሞተሩ ማሰሪያ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ክፍተቱን በብረት ቡሽ ሙሉት፤ በቡሎን ኃይል ብቻ እሳባለሁ ካላችሁ አሉሚኒየሙ ጆሮ ይሰበራል። ቀጥ ያለ ብረት በሦስቱ ፑሌጃዎች ፊት አጋድማችሁ መስመር መያዛቸውን እዩ። ቺንጋውን ስትወጥሩ ከፊት በኩል ያለውን ጫፍ ብቻ ተጫኑ። ረጅሙ ክፍል መሐል ላይ በጣት ሲገፋ 13 ሚሊሜትር ያህል ከረገበ ልኩ ነው።

እንደ ኤምጂ ቲዲ እና ቲኤፍ ያሉ የ1950ዎቹ መኪኖች የአርፒኤም ኬብላቸው ከዲናሞው ጀርባ ስለሚነሳ ተራ አልተርኔተር ሲገባ ጌጁ ሥራ ያቆማል። እነዚያ ላይ ለዚሁ የተሠራ አልተርኔተር ካላገኛችሁ ዲናሞውን አትንኩ።

ሽቦው

ከአልተርኔተሩ ትልቅ ምላስ አዲሱን ወፍራም ሽቦ በቀጥታ የባትሪው ኬብል ወደሚያርፍበት የሞተሪኖው ሶሌኖይድ (የሞተሪኖው ማብሪያ) ቡሎን ውሰዱት፤ ሶሌኖይዱ አጠገብ 60 አምፔር ፊዩዝ ይኑረው። ፋብሪካው አላስገባም፤ እኔ ግን ያለ ፊዩዝ አልተውም። የድሮውን ወፍራም የዲናሞ ሽቦ አትጠቀሙበት፤ የተሠራው ለ22 አምፔር ነው፤ ሁለቱንም ጫፉን በናስትሮ ጠቅልላችሁ ተዉት።

ዲናሞው ላይ ኤፍ ከሚለው ምልክት የነበረው ቀጭን ሽቦ ግን ያስፈልጋል። በአልተርኔተሩ በኩል ትንሿ ምላስ ላይ ሰኩት። በሬጉሌተሩ ሳጥን (የድሮውን ዲናሞ ቮልቴጅ በሚቆጣጠረው) በኩል ከኤፍ ነቅላችሁ ደብሊው ኤል ከሚለው ላይ ከነቀላችሁት የማስጠንቀቂያ አምፖል ሽቦ ጋር አገናኙት። ሳጥኑ ላይ ቢ በሚለው የነበሩት ቡናማ ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ተገናኝተው ይቆዩ፤ ለመብራቱና ለቁልፉ ኃይል የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ባዶ የቀረውን ሳጥን ለመልክ ያህል ቦታው ላይ ተዉት።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ያችን ትንሽ አምፖል አትናቋት። አልተርኔተሩ መሥራት የሚጀምረው በእሷ በኩል በምታልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። ከተቃጠለች፣ ወይም ደመቅ ትበል ብላችሁ በኤልኢዲ ከቀየራችኋት፣ አልተርኔተሩ ተኝቶ ይቀራል፤ ሞተሩ በኃይል እስኪረገጥ ድረስ አይነቃም። የድሮዋ ባለ 2.2 ዋት አምፖል ትቆይ።

መሞከር

ቁልፍ ሲከፈት አምፖሏ ትበራለች፣ ሞተሩ ሲነሳ ትጠፋለች። መልቲሜትሩን ባትሪው ላይ አድርጉ። ሞተሩ ሳይነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ተነስቶ ነዳጅ ትንሽ ተረግጦ መብራት በርቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ማንበብ አለበት። ካነሰ፣ መብራቱ እንደበራ አንዱን ጫፍ በአልተርኔተሩ ትልቅ ምላስ፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጋችሁ ልዩነቱን ለኩ። ከ0.3 ቮልት በላይ ከሆነ ጥፋቱ ሽቦው ወይም መገናኛው ነው። በአልተርኔተሩ አካልና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከልም እንዲሁ ለኩ። እዚህ ልዩነት ካለ ሞተሩን ከቦዲ ጋር የሚያያይዘውን ጠፍጣፋ የማሳ ገመድ አጽዱ ወይም ቀይሩ።

አንድ የቆየ ልማድ ግን እዚህ መቆም አለበት። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ኬብል ነቅሎ «ካልጠፋ ይሞላል» እያሉ መሞከር በአልተርኔተር ላይ አይሠራም። ባትሪው ሲነቀል ቮልቴጁ ድንገት ይዘልና ዳዮዱን ወይም ሬጉሌተሩን ይገድላል። ቦዲው በኤሌክትሪክ ሲበየድም የአልተርኔተሩን ሶኬት አስቀድማችሁ ንቀሉ።

በመጨረሻ ባትሪው ክዳን ላይና ሞተር ክፍሉ ውስጥ «ኔጋቲቭ ማሳ» የሚል ጽሑፍ ለጥፉ። የመኪናውን መጽሐፍ ያነበበ ሌላ ሰው መንገድ ላይ ባትሪ ሊያበድራችሁ ቢመጣ ኬብሉን የሚያስረው መጽሐፉ እንዳለው ነው።