የኮንፌዴሬት ባንዲራ ከሕዝብ ቦታ እንዲወርድ እንዴት ይጠየቃል?

ይሄ ባንዲራ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ባርነትን ለማስቀጠል የተዋጉት የደቡብ ስቴቶች ምልክት ነው። መጀመሪያ የተሰቀለበት መሬት የማን እንደሆነ አጣሩ፣ የግለሰብ ግቢ ከሆነ የንግግር ነፃነት ስለሚጠብቀው መንግስት አያስወርድላችሁም። የካውንቲ ወይ የከተማ ግቢ ከሆነ ግን ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ተመዝግባችሁ ተናገሩ፣ የሚሰጣችሁ ደቂቃ ትንሽ ስለሆነ ጽፋችሁ ሂዱ። "ቅርሳችን ነው" የሚል አይጠፋም፣ እሱን አትሳደቡ፣ ይልቅ ዓመተ ምህረቱን ንገሩት፤ የሳውዝ ካሮላይና ስቴት ምክር ቤቷ ጉልላት ላይ የሰቀለችው ጦርነቱ ካለቀ ከ90 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1961 (እ.ኤ.አ.) እኮ ነው፣ ጥቁሮች ለመብታቸው በሚታገሉበት ሰዓት! ከምክር ቤቱ ግቢ ጨርሶ የወረደው ደግሞ በ2015 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ስቴት ቻርልስተን ከተማ የጥቁሮች ቤተክርስቲያን ውስጥ 9 ሰው ከተገደለ በኋላ ነው፣ ይሄን ሳስብ በጣም ያመኛል። የስቴት ሕግ የሚያግድ ከሆነ ከተማው ብቻውን ምንም አያደርግም፣ ስለዚህ ለስቴት ተወካያችሁ ደውሉ፣ ደጋግማችሁ።