ያልገዙትን ማሸከም፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ጌምና አፕ የሚሠሩ ሰዎች በገንዘብ የሚከፈት ነገር ቆልፈው ገና ባልገዛው ሰው መሣሪያ ላይ ይጭናሉ። በዚህ ጉዳይ ሠሪዎችም ተጠቃሚዎችም የሚሳሳቱትን እነሆ።

«ስቶሬጅ እኮ ርካሽ ነው»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ርካሽ የሆነው ለማን ነው? ተጠቃሚው እጅ ላይ ያለው መሣሪያ ቦታው የተለካ ነው። የጌም ማጫወቻው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ መጀመሪያ ሲወጣ 512 ጊጋ ይባል ነበር፤ ለጌም የሚተርፈው ግን 364 ጊጋ ገደማ ነው። ቀሪውን ሲስተሙ ይዞታል። እናንተ ሠሪዎች ደግሞ «አንድ ቀን ይገዛ ይሆናል» ብላችሁ የቆለፋችሁትን ትጨምሩበታላችሁ። ከዚያ «ስቶሬጅ ሞልቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ስልክ ከሆነ ሰውየው ላልገዛው ነገር ቦታ ለመልቀቅ የራሱን ፎቶ ያጠፋል።

አንድ ጀማሪ የቋንቋ መማሪያ አፕ ሠርቶ እንዳይለት አመጣልኝ። ፋይሉን ፈታታሁት። ነጻው ኮርስ አንዲት ሚጢጢ ፎልደር ናት። የቀረው በሙሉ በገንዘብ የሚከፈቱት ኮርሶች ድምፅ ነው፤ ያውም ሳይታመቅ (መጠኑ ሳይቀነስ)፣ ምዕራፍ በምዕራፍ ተደርድሮ። ምነው ብለው «ሲገዙ ሳይጠብቁ ወዲያው እንዲከፈትላቸው ብዬ ነው» አለኝ። ልጁ ክፋት የለበትም። ግን ብዙው ሰው አይገዛም። ሸክሙን የሚሸከመው ያው የማይገዛው ነው፤ ያወረደበትን ዳታም የከፈለው እሱ ነው። ሲያስፈልግ ብቻ የማውረድ ዘዴ እንደሆነ አዲስ አይደለም። አፕል በ2015 ከአይኦኤስ 9 ጋር አምጥቶታል። ጉግልም ለአንድሮይድ ጌሞች በ2020 ዘርግቶታል። ተጠቀሙበት እንጂ።

ተቆልፎ የተቀመጠ ሁሉ ሌብነት ነው ማለት

ይሄኛው የተቺዎች ስህተት ነው። ኦንላይን ስትጫወቱ ባላጋራችሁ የገዛውን ልብስ ለብሶ ቢመጣ፣ የእናንተ መሣሪያ ልብሱን የሚስለው ከየት አምጥቶ ነው? ፋይሉ እናንተም ጋ መኖር አለበት። የድብድብ ጌም ላይማ ይብሳል። እናንተ ያልገዛችሁትን ተፋላሚ ሌላው ይዞት ሲመጣ እያንዳንዱ ምቱ በእናንተ ስክሪን ላይ በትክክል መታየት አለበት። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ተቆልፎ እያለ ለመሣሪያው ባለቤት የሚሠራው ሥራ አለ? ካለ ይቀመጥ፤ ግን የግድ የሚያስፈልገው ያህል ብቻ። ከሌለ የሰውን ስልክ የራሳችሁ መጋዘን አድርጋችሁታል።

አይታወቅብንም ብሎ ማሰብ

ይታወቃል። ጌሙ በወጣ ማግስት ፋይሉን የሚበረብር ሰው አይጠፋም።

በ2012 የወጣውን የድብድብ ጌም ስትሪት ፋይተር ኤክስ ቴከንን ያየ ይህን አይረሳም። በኋላ በገንዘብ ሊሸጡ የታሰቡ 12 ተፋላሚዎች ቀድሞውኑ ዲስኩ ላይ ተቆልፈው ተገኙ። የጌሙ አምራች ካፕኮም ምክንያት አልጠፋውም። የገዛና ያልገዛ ተጫዋች ያለ ችግር እንዲገናኙ፣ የሃርድ ዲስክ ቦታም እንዲቆጠብ ነው አለ። በቴክኒክ በኩል ካየነው ባዶ ሰበብ አይደለም። ግን ማብራሪያው የመጣው ሰው ራሱ ፈልፍሎ ካገኘው በኋላ ነው። አቤቱታ ሲቀርብበትም ዲስክ ላይ ተቆልፎ መቀመጡና በኋላ መውረዱ ልዩነት የለውም ብሎ መልስ ሰጠ፤ እሳቱ ባሰ። በዚያው ዓመት አሠራሩን እንደገና እያጤነው መሆኑን ለመናገር ተገደደ። ያንኑ ምክንያት ሽያጩ ሳይጀመር በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጽፉት ኖሮ ቁጣው ይሄን ያህል አይሆንም ነበር ባይ ነኝ።

«ዲስኬ ላይ ካለ የኔ ነው»

አይደለም። ፋይሉ ወረደ ማለት የመጠቀም መብቱ አብሮ ወረደ ማለት አይደለም፤ ቁልፉን መስበር በብዙ አገር ሕግ ያስጠይቃል። የእናንተ የሆነው ቦታው ነው። በቦታችሁ ለመከራከር ደግሞ ቁልፍ መስበር አያስፈልግም።

ማጥፊያ መንገድ አለመስጠት

የፒሲ ጌም መሸጫው ስቲም ላይ የገዛችሁትን ዲኤልሲ (ለጌም ተጨማሪ ሆኖ የሚወርድ ይዘት) እንኳ ምልክቱን አንስታችሁ ከዲስካችሁ ማስወጣት ትችላላችሁ። የገዛሁትን ማስወጣት ከቻልኩ ያልገዛሁትን የማላስወጣው በምን ሒሳብ ነው? የ2019ኙ ኮል ኦፍ ዱቲ ሞደርን ዋርፌር ፒሲ ላይ ከ200 ጊጋ በላይ ካበጠ በኋላ የማይፈለገውን ክፍል ለይቶ ማጥፋት ተፈቀደ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ከመማረሩ በፊት ማድረግ ነው።

ለእያንዳንዱ ጊጋ ዲኤልሲን መውቀስ

ከመጮሃችሁ በፊት ፎልደሩን ክፈቱ። ታይታንፎል የተባለው ጌም በ2014 ፒሲ ላይ ሲወጣ ከሚይዘው 48 ጊጋ ውስጥ 35ቱ ያልታመቀ ድምፅ ነበር። ደካማ ፕሮሰሰር የታመቀ ድምፅ በመፍታት እንዳይጨናነቅ ተብሎ ነው። ሄልዳይቨርስ 2 ደግሞ ፒሲ ላይ የተደጋገሙ ፋይሎቹ ሲወገዱለት ከ154 ጊጋ ወደ 23 ወርዷል። ሁለቱም ላይ ችግሩ የተቆለፈ ዕቃ አልነበረም።

መጠኑን አጠቃሎ መጻፍ

ዳውንሎድ ገጹ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ አታስቀምጡ። አፑ ራሱ ስንት ይይዛል፣ ያልተከፈተው ስንት ይይዛል፣ ሲገዙ ተጨማሪ ስንት ይወርዳል፤ ለያይታችሁ ጻፉ። አፕዴት ስትለቁም እንደዚያው።