አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

አራተኛ ጀነሬሽን (አራተኛ ትውልድ) ኮር አይ5 የተባለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ዓይነት ዴስክቶፕ ለቢሮ ሥራና ለኢንተርኔት ዛሬም ይበቃል። ዋናው ነገር ብሩ የት እንደሚውል ማወቅ ነው።

መጀመሪያ ችግሩን እዩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና የኮምፒውተሩን አቅም ምን እንደሚወስደው የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ከቆመ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሃርድ ዲስኩ ነው። ሜሞሪው ከሞላ ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) አንሶታል። ሙቀቱን ደግሞ ኮር ቴምፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ተመልከቱ። ሥራ ሲበዛበት 70 ዲግሪ ቢደርስ አትደንግጡ። ወደ 100 ሲጠጋ ግን ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ከሞቀ አዲስ ፋን ለመግዛት አትቸኩሉ። አጥፉት፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ክዳኑን ክፈቱ። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዛችሁ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። ካልበቃ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠውን ማቀዝቀዣ ፈታችሁ አንሱ። የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀትን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሳልፍ ቅባት) በአልኮል ጥረጉና ሽምብራ የምታህል አዲስ ጠብታ መሃሉ ላይ አድርጉ። ከዚያ በላይ መቀባት አይጠቅምም። በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ 84 ዋት ለሚወስድ ፕሮሰሰር ትርፍ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ግዢው። አንድ ነገር ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥን ማከማቻ) ግዙ፤ ለውጡ ገና ሲበራ ይታያችኋል። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ የሚባለው በቀጥታ ይገጥማል። 240 ጊጋባይት ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞች ይበቃል፤ ፊልምና ፎቶ አሮጌው ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ፋይላችሁን ግን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ።

ቀጥሎ ራም። 4 ጊጋ ካለው ወደ 8 አሳድጉት። ይህ ማሽን የሚቀበለው ዲዲአር3 ነው፤ ዲዲአር4 አይገባም። አንድ ዓይነት ሁለት ፍሬ ቢሆን ይመረጣል።

ግራፊክስ ካርድ ጌም ለሚጫወት ወይም ቪዲዮ ለሚያቀናብር ነው። የዚህ ዴል ፓወር ሰፕላይ አቅሙ ትንሽ፣ ሶኬቱም ከተለመደው የተለየ ስለሆነ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ምረጡ። ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ ቁመቱ አጭር የሆነውን (ሎው ፕሮፋይል) ዓይነት ጠይቁ።

ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር መቀየር ግን አያዋጣም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ይህ ማሽን አራተኛ ስለሆነ አይደርስበትም፤ ዊንዶውስን የሚተካውን ሊኑክስ ሚንት በነፃ ጭናችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ካልሆነ ያገለገለ ባለ ስምንተኛ ጀነሬሽን ኮምፒውተር ግዙና ኤስኤስዲውን ነቅላችሁ እዚያ ላይ ሰኩት።