ብራዳማንቴን በክረምት ማታ ለልጆች ለመተረክ

የብራዳማንቴ ታሪክ የሚገኝበት የጣሊያኑ ባለቅኔ አሪዮስቶ ረጅም ግጥም «ኦርላንዶ ፉሪዮሶ» እ.ኤ.አ. በ1532 በወጣው የመጨረሻ እትሙ 46 ክፍል አለው። ሰውየው አንዱን ታሪክ ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል። ከመጀመሪያው ልተርክ ካላችሁ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ልጆቹ ያንቀላፋሉ። እኔ ደብረ ማርቆስ ለእህቴ ልጆች ስተርክ በቀጥታ 32ኛው ክፍል ላይ እገባለሁ።

ማንነቷን በአጭሩ ንገሯቸው። ብራዳማንቴ የንጉሥ ሻርለማኝ ፈረሰኛ ናት። ሩጄሮ የሚባል የጠላት ወገን ጀግና ትወዳለች። ይበቃል፤ ሌላውን ስም ዝለሉት።

የቤቱን ሕግ ግን በደንብ አስረዱ። በዝናብ፣ በጨለማ አንድ ግንብ ደጃፍ ትደርሳለች። እዚያ ዘግይቶ የመጣ ፈረሰኛ ማደር ከፈለገ ቀድመው የገቡትን አስወጥቶ ይገጥማል። የተሸነፈ ደጅ ያድራል። ሴቶች ደግሞ በመልክ ይመዘናሉ፤ ያነሰችው ትወጣለች። እዚህ ላይ ቆም በሉ። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ሲባል በር ሲከፈት እያየ ያደገ የጎጃም ልጅ ዝም አይልም። የእኔዎቹ «አክስቴ፣ ምን ዓይነት ቤት ነው?» ብለው ይቆጣሉ። ይቆጡ፤ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ውስጥ ሦስት ነገሥታት አሉ። ሦስቱንም ከፈረስ ትጥላቸዋለች። ግጥሚያውን አታርዝሙ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ላየ ልጅ ስለ ፈረስ ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ነገሥታቱ ደጅ በዝናብ ሲበሰብሱ ግን አትለፉት፣ ሳቁ እዚያ ነው።

ገብታ የራስ ቁሯን ስታወልቅ ፀጉሯ ዱብ ይላል። ሴት ናት! ባለቤቱ ቀድማ ከገባችው ከኡላኒያ ትበልጣለች ብሎ ይፈርዳል። ኡላኒያ ልትባረር ነው። ብራዳማንቴ ግን እሺ አትልም። የገባሁት በጦሬ እንጂ በመልኬ አይደለም፣ ስለዚህ ከእሷ ጋር አታወዳድሩኝ ብላ ትከራከራለች። ትረታለችም። ኡላኒያ እዚያው ታድራለች። እኔ የማደንቃት ለዚህ ነው። ሦስት ንጉሥ ማውረድ ለእሷ ምንም አይደል!

ጦሩ አስማት እንዳለበት አትደብቁ። የነካውን ሁሉ ይጥላል፤ እሷ ግን ይህን አታውቅም። «ታዲያ ማጭበርበር ነዋ!» የሚል ልጅ አይጠፋም። ለእሱ የነገ ማታውን ቃል ግቡለት፦ ሊያገባኝ የሚፈልግ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ጀምበር እስክትጠልቅ ይቋቋመኝ ብላ ሻርለማኝን ያስፈቀደችበትን ክፍል። እዚያ የምትገጥመው በሰይፍ ነው። የሌላ ሰው ጥሩር ለብሶ የሚመጣው ማን እንደሆነ ግን ዛሬ ትንፍሽ አትበሉ።