የመለዮ ዓርማ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ባሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ከመስቀሉና ከማርትሬዛው ብር ጎን አሮጌ የመለዮ ዓርማ፣ ማለትም ወታደር ቆቡ ላይ የሚያደርገው የብረታ ብረት ምልክት፣ አይጠፋም። ገዢ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ነው።

ፊቱን ብቻ ማየት። አስመሳዩም የሚደክመው ለፊቱ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ገልብጡት። ከስስ የነሐስ ቆርቆሮ በማተሚያ የተመታ ዓርማ ፊቱ ላይ ያበጠው ሁሉ ጀርባው ላይ ጎድጉዶ ይታያል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ከሆነ ግን ጀርባው ልሙጥ ነው፤ አለዚያም በአሥር እጥፍ ማጉያ ሲታይ እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቷል። ዓርማው ላይ አንበሳ ካለ በእግሮቹ መካከል ያለውን ክፍተትም እዩ፦ ተመትቶ የተቆረጠ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው፣ የፈሰሰው ይድቦለቦላል ወይም የሞረድ ጭረት ይዟል። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከእውነተኛው ተቀርጾ የወጣ ቅጂ ያንሳል፤ 50 ሚሊሜትሩ ወደ 49 ይጠጋል። ካሊፐር (ሚሊሜትር በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ያዙ። እርግጥ ጦር ሜዳ አካባቢ በአሸዋ ቅርጽ የፈሰሱ እውነተኞችም አሉ፤ መፍሰሱ ብቻውን ፍርድ አይሆንም።

ጆሮዎቹን መዝለል። ከጀርባው ያሉት የሽቦ ቀለበቶች ሥር የሚያብለጨልጭ የቆርቆሮ ብየዳ ካለ ጠርጥሩ። ተነቅሎ የተጠገነም ሊሆን ይችላል፤ ያ ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ ሐሰተኛ አያሰኝም።

በማግኔት መተማመን። ነሐስም፣ ርካሹ ቅጂ የሚፈስበት ዚንክም በማግኔት አይሳቡም። የሚያጋልጠው ብረትን ብቻ ነው።

ዘውዱን ከሻጩ ወሬ ጋር አለማስተያየት። «በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባ ነው» ከተባላችሁ የዘውዱን አናት ተመልከቱ። በዚያን ጊዜ የነበረው የእንግሊዝ ንጉሥ የጆርጅ 6ኛ ዘመን ዘውድ ቅስቶች ወደ ላይ ይሞላሉ። መሃሉ ሰርጎድ ያለው ግን ንግሥት ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በ1952 ከነገሡ በኋላ የመጣው ነው። በእኛው አንበሳም እንዲሁ፦ ዘውድ የሌለው ሁሉ የደርግ አይደለም፤ ንጉሣዊው አንበሳ ተሞርዶ እንዳይሆን አናቱን በማጉያ ፈትሹ።

ጥቁረትን እንደ ዕድሜ መቁጠር። ወታደር ዓመታት የወለወለው ዓርማ አፍንጫውና ጎፈሩ ልሞ፣ ጥቁረቱ ጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል። ሁሉም ቦታ እኩል ከጠቆረ ጥጥ በአሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) አርሳችሁ ጥጉን እሹ፤ ቀለም ከሆነ ይለቃል።

ገዝቶ ማጽዳት። ሎሚና አመድ ለቤት ዕቃ ይሁን። የሎሚው አሲድ ከነሐሱ ላይ ዚንኩን እየበላ ገጹን ሮዝ ያደርገዋል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ለብ ያለ ውኃ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።