የቤት ብድር ዋስ ሲሞት ምን ማድረግ ይገባል?

ለቤት ብድር ዋስ የሆነ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ «ዋስትናውም አብሮት አለቀ» ብሎ ያስባል፤ ተበዳሪውም በሐዘን ሰሞን የዕዳ ነገር ማንሳት ነውር ስለሚሆንበት ዝም ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን በቁጥር 826 የሟች መብትና ግዴታ፣ በሞቱ የሚቋረጥ ዓይነት ካልሆነ በቀር፣ ወደ ወራሾቹ እንደሚተላለፍ ይደነግጋል፤ ገንዘብ ለመክፈል የተገባ ዋስትናም በመርህ ደረጃ ከሞት በኋላ ይቀጥላል። ብድሩ ራሱ እንደነበረ ነው፤ ተበዳሪው ወርሃዊ ክፍያውን ማቋረጥ የለበትም።

በመጀመሪያ የዋስትና ውሉን አውጥቶ ማንበብ ይገባል። ከሁሉ በፊት የሚፈለገው የገንዘቡ ጣሪያ ነው፤ በቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ያልገለጸ የዋስትና ውል አይጸናም። ለምሳሌ ቀሪው ዕዳ 900,000 ብር ሆኖ ዋሱ የፈረመው እስከ 400,000 ብር ከሆነ፣ ባንኩ ውርሱን በዋስትናው የሚጠይቀው በዚሁ ልክ ነው። ቀጥሎ ዋሱ ከባለዕዳው ጋር «በአንድነትና በነጠላ» መፈረሙን ማየት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ባንኩ ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይከስ ዋሱን መጠየቅ ይችላል። ዋስ ሲሞት ሌላ ዋስ ይተካ የሚል አንቀጽ መኖሩም መታየት አለበት።

ከዚያ ተበዳሪው የሞት ምስክር ወረቀቱን ከወራሾች ተቀብሎ፣ ብድሩን ለሰጠው ቅርንጫፍ በደብዳቤ ያሳውቅ፤ ደብዳቤውንም ገቢ ሲያደርግ በእጁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርግ። በቃል ብቻ የተነገረ ነገር ኃላፊው ሲቀየር ይረሳል።

ወራሾች በበኩላቸው ንብረቱን ከመከፋፈላቸው በፊት ዋስትናውን ለውርስ አጣሪው ይንገሩ። ከውርሱ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣራት ወጪ፣ ከዚያም የሟች ዕዳ ይከፈላል፤ ወራሽም የሚጠየቀው ከውርሱ በደረሰው መጠን ነው።

ሟቹ የፈረመ ብቻ ሳይሆን የገዛ ቤቱን ካርታ ያስያዘ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ቤቱ ለወራሾች የሚደርሳቸው ከነመያዣው ነው፤ ክፍያው ከተቋረጠም ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ሊሸጠው ይችላል።

ባንኩ ምትክ ዋስ ከተቀበለ አዲሱ ውል በጽሑፍ ሆኖ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈረም። የሟቹ ዋስትና መቅረቱን የሚገልጽ ደብዳቤም በዚያው ቀን ይጠየቅ፤ አለበለዚያ አዲሱ ዋስ ፈርሞም የሟቹ ውርስ ከዋስትናው ነጻ አይወጣም።